ከመጥረቢያው በፊት

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ ካህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ኦክስፎርድ ከተማ አጠገብ ቢንዚ በምትባል ትንሽ መንደር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በረድፍ ቆመው ያውቃቸው የነበሩ ረጃጅም ዛፎች ተቆርጠው አገኛቸውና አንድ አጭር ግጥም ጻፈ። ግጥሙ በሕይወቱ ሳለ ለሕዝብ አልቀረበም። እሱ በ1889 ሞተ፤ ግጥሞቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት ወዳጁ ሮበርት ብሪጅስ በ1918 ባሳተመው ጥራዝ ነው። ስለዚህ አንባቢ ዘንድ የደረሰው ልቅሶ ከሟቾቹ ዛፎች በአርባ ዓመት ገደማ የዘገየ ልቅሶ ነበር ማለት ይቻላል።

ግጥሙ ስለ ታላቅ ጫካ አይደለም። አንበሳና ነብር የሚያገሱበት ዱር፣ የሰው እግር ያልረገጠው ደን የለበትም። ባለቤት ያላቸው፣ በወንዝ ዳር የተደረደሩ ተራ ዛፎች ናቸው፤ ተቆረጡ፤ አለቀ። ባለቅኔው ግን ከዚህች ጥቂት ነገር ሁለት ሐሳብ አወጣ። አንደኛው፣ ተፈጥሮ እንደ ዓይን ብሌን ስስ ናት፤ ትንሽ ቢነኳት ጠቅላላ ትጠፋለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው ምን ያህል ውበት እንደጠፋበት ሊገምት እንኳ አይችልም የሚል ነው።

እኔን የያዘኝ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነው። ምክንያቱም ያ ከኋላ የሚመጣው ሰው እኔው ነኝ።

እስቲ አንባቢ የሚያውቃቸውን የቦታ ስሞች ያስብ። አዲስ አበባ ውስጥ ሾላ ገበያ እንሄዳለን፤ ወይራ ሰፈር እንወርዳለን። ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ የምንለው አካባቢ የቀድሞ ስሙ ብርብርሳ ነበር፤ በኦሮምኛ ዝግባ ማለት ነው። ወደ ጎጃም ስንሻገር ኮሶ በርን እናገኛለን። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ዛፉ ግን በስሙ ውስጥ እንጂ በቦታው ላይ የለም፤ ካለም ለምልክት ያህል ነው። የጠፋብን ነገር ስሙን ትቶልን ሄዷል። እኛም ስሙን እየጠራን ምን እንደጠራን ሳናውቅ ታክሲ እንሳፈርበታለን። ሆፕኪንስ ያለው ይህን ነው፤ ያልታየ ነገር አይናፍቅም።

ይህን ግጥም ለረጅም ዓመታት ስወደው ኖሬአለሁ። ለወዳጆቼም በአማርኛ እየተረጎምሁ አንብቤላቸዋለሁ። ይሁንና በወደድሁት መጠን አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ነበር። ደንን አክብሩ የሚለው ቅኔ ለመሆኑ ለማን ነው የሚዘመረው?

*

ከእንጦጦ ቁልቁል ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ሸክም አዝለው የሚወርዱ ሴቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዳንዷ የልጅ እናት ናት፤ አንዳንዷ ገና ልጅ ናት። ጠባቂ አባርሯት፣ እሾህ ወግቷት፣ ወገቧ ጎብጦ ያመጣችው እንጨት ተሸጦ የዕለት እንጀራ ይሆናል። እንግዲህ ይህችን ሴት መንገድ ላይ አቁመን ዛፍ እንደ ዓይን ብሌን ነው ብንላት ምን ትለናለች? ምናልባት ሸክሙን አንድ ጊዜ ያዙልኝ ትለን ይሆናል።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ስለ ደን ውበት የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምሳው በሌላ ሰው የተቀቀለለት ሰው ነው። ግጥሙ የተጻፈበት ወረቀትም፣ የተቀመጠበት ወንበርም ትናንት ዛፍ ነበሩ። ደግሞም ከተማችን ራሷ ደን በልታ ያደገች ከተማ ናት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳይሞላት ማገዶ ጠፋባት። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ቅኔ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ ገብቶ በፍጥነት አደገ፤ ቢቆርጡት ከጉቶው አቆጠቆጠ፤ ጣራ ሆነ፣ ግድግዳ ሆነ፣ ማገዶ ሆነ። አፈር ያደርቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነትነት አለው። ቢሆንም የድሃው ዛፍ እሱ ነው። ለመጥረቢያ የተተከለ ዛፍ መኖሩም ነውር አይደለም።

እንግዲያው ደንን ማክበር የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ልንል ነውን? እኔ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያ ብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ሌላ ግጥም አይደለም፤ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም የሚገኙ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ናቸው።

ከአውሮፕላን ሆኖ ያንን አገር ቁልቁል የተመለከተ ሰው የሚያየው አንድ ነገር ነው። እስከ አድማስ የተዘረጋ እርሻ፣ በበጋ ቡናማ ሆኖ፣ በመሐሉ እዚህም እዚያም እንደ ጠብታ የተጣሉ አረንጓዴ ክቦች። እያንዳንዱ ክብ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያውን ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ዋንዛ ከበውታል። ሌላው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ የቀረው ይህ አፀድ ብቻ ነው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነውም ዳርቻቸው በከብትና በእርሻ እንዳይበላ ሕዝቡ ከማሳው በሚለቅመው ድንጋይ ካብ እንዲከብባቸው ረድተዋል።

አሁን ልብ እንበል። እነዚህን ዛፎች ሳይቆርጥ ያቆያቸው ማን ነው? ጠግቦ ያደረ የከተማ ባለቅኔ አይደለም። ማገዶ ያጠረው፣ ሚስቱ ኩበት የምታነድ፣ ልጁ ጭራሮ ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ገበሬ ነው። መጥረቢያው በእጁ ነበር፤ ችግሩም በቤቱ ነበር፤ ዛፉም በደጁ ነበር። ግን አልነካውም። ማክበር የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ይህ ገበሬ ዛፍ ወዳድ ነበር? አይመስለኝም። የራሳችን ቋንቋ ይመስክር። በአማርኛ ዱር ማለት ደግ ስም አይደለም፤ ዱርዬ የምንለው ስድባችን ከዚያው የወጣ ነው። ዱር አውሬ የሚወጣበት፣ ሽፍታ የሚገባበት ነው። አባቶቻችን ጫካ ሲመነጠር አገር ቀና ይላሉ እንጂ አገር ሞተ አይሉም ነበር። እንደ እንግሊዙ ካህን ወንዝ ዳር ቆመው ለዛፍ ሲያለቅሱ አይታየኝም።

ግን ያው ቋንቋችን አድባር የሚል ሌላ ቃል አለው። የመንደሩ ትልቅ ዋርካ፣ ሽማግሌ የሚሸመገልበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ቅርንጫፉ እንደ ዘበት የማይሰበር ዛፍ አድባር ነው። ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል የሚለው ተረትም የዛፉን ማዕረግ ያሳያል። ይህ በአንድ ሕዝብ ብቻ የተወሰነ ነገር አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ጉባኤው የሚቀመጠው፣ ሕጉ የሚደነገገው በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ቡናና እንሰቱን ከአገር በቀል ዛፎች ሥር የሚያበቅለው የጌዴኦ ሕዝብም በመሬቱ ላይ የማይነኩ የተቀደሱ ደኖች አሉት፤ ያ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ ነገር ምንድን ነው? ፍቅር አይመስለኝም። እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፤ በሁሉም ዘንድ ዛፉ የእኔ ብቻ አይደለም የሚል እምነት አለ። የአፀዱ ዛፍ የታቦቱ ነው። ዋርካው የአድባሩ ነው። ኦዳው የጉባኤው ነው። ሊቆርጥ የፈለገ ሰው ከመጥረቢያው በፊት የሚያስፈቅደው አለ። ማክበር ማለት፣ እንግዲህ፣ መውደድ አይደለም፤ የሚያስፈቅዱት እንዳለ ማወቅ ነው። ጎረቤታችንን የምናከብረው ሁልጊዜ ስለምንወደው ነው እንዴ? በሩን ሳናንኳኳ ስለማንገባ ነው እንጂ።

*

እዚህ ላይ ግን አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል። ያ ማክበር ሳይሆን መፍራት ነው ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ፍርሃት አለበት። ፍርሃት ደግሞ ሁለት ጉድለት አለው።

አንደኛው ጉድለት ፍርሃት አጥር ላይ ያበቃል። ከአፀዱ ቅጥር ውስጥ ያለውን ወይራ የማይነካ እጅ፣ ከቅጥሩ አንድ እርምጃ ወጣ ያለውን ወይራ ያለ ሐሳብ ቆርጦታል። ከአውሮፕላን የሚታየው ሥዕል የምስጋና ሥዕል ብቻ ሳይሆን የክስ ሥዕልም ነው። አረንጓዴው ክብ ስለ ማክበራችን ሲመሰክር፣ ቡናማው ሰፊ ሜዳ ደግሞ ስለ ቀረው ሁሉ ይመሰክራል። አንዲት ቅድስት ቦታ መለየት ሌላውን ቦታ ሁሉ ለመጥረቢያ መፍቀድ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት ፍርሃት ያልፋል። ይህን ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ እንደነገረችን የተናገረ የለም። በልጅነቷ በኬንያ ደጋ እናቷ ማገዶ ስትልካት ከአንድ የሾላ ዘር ከሆነ ትልቅ ዛፍ ሥር ደረቅ እንጨት እንዳትለቅም ታስጠነቅቃት ነበር። የእግዚአብሔር ዛፍ ነዋ! ከዛፉ አጠገብ ምንጭ ይፈልቅ ነበር፤ ልጅቷ ከዚያ ውሃ ትቀዳ፣ በውሃው ውስጥም የእንቁራሪት እንቁላል ስታይ ትጫወት ነበር። ኋላ አሜሪካ ተምራ ስትመለስ ዛፉ ቦታ ይይዛል ተብሎ ተቆርጧል፤ ምንጩም ደርቋል። ዕድሜና ትምህርት ካስተማሯት በኋላ የገባት ነገር ቢኖር የዚያ ዛፍ ሥር ዐለት ሰንጥቆ ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ያወጣ፣ አፈሩንም ከመናድ ይይዝ እንደነበረ ነው። እናቷ ምክንያቱን አታውቅም፤ ዛፉን ግን አትነካም። ዛፉን የቆረጠው ሰው እምነቱን ጥሏል፤ ምክንያቱን ግን ገና አላወቀም። ምንጩ የደረቀው በዚህ መሐል ነው። ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረተች፤ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። ያ ዛፍና ያ ምንጭ ግን አልተመለሱም።

እንግዲህ እኛም በዚያው መሐል ነን። አድባርን መፍራት ኋላቀርነት ነው ተብለን ተምረናል፤ ተምረንም ትተናል። በፋንታው እውቀት ተሰጥቶናል። ደን ዝናብ ያመጣል፣ አፈር ይይዛል፣ አየር ያጠራል ይሉናል። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ሰምተናል። መትከል መልካም ነው። ይሁንና እውቀት ብቻውን ማክበርን ይተካል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። እውቀት ለዛፉ ዋጋ ያወጣለታል። ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሲመጣ ይሸጣል። አማርኛችን ከበረ ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው፤ ተከበረ ማለቱም ነው፣ ሀብታም ሆነ ማለቱም ነው። እኛ ሁለቱን ያምታታን ይመስለኛል። ጥቅሙን ስለቆጠርንለት ያከበርነው መሰለን።

*

ይህን ሁሉ የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ራሴን ሳልከስ ይህን ጽሑፍ ብጨርስ ውሸት ይሆንብኛል።

እናታችን ባረፈች በሁለተኛው ዓመት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ ተሰብስበን በግቢያችን ጥግ የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶች ለመሥራት ተስማማን። ጥጉ ላይ ከእኛ መወለድ በፊት የቆመ አንድ ወይራ ነበር። ግንቡን ያጣምማል፣ ጣራውን ይነካል ተባለ። እኔም ተስማማሁ። የቢንዚን ዛፎች ግጥም ለወዳጆቼ ሳነብ የነበርሁት እኔ፣ አንድም ቃል ሳልናገር ተስማማሁ። ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዎች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው መጡ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት እናት በሩን አንኳኩተው ገቡ። ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ጉቶውን አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ለጎረቤት አይነገርም?» አሉኝ።

ለምን ቆረጣችሁት አላሉኝም። የኑሮን ነገር ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እሳቸውን ያስከፋቸው እንደ መርዶ ያለ ነገር ሳይነገራቸው መቅረቱ ነው። በልቤ የእኛው ዛፍ አይደለም እንዴ አልሁ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኒህ ሴት ልጅ ሆኜ ጀምሮ ጋናቸውን ለማጠን ወይራ ሲያስፈልጋቸው ይመጡ ነበር። ቅርንጫፉ አጥሩን አልፎ በእሳቸው በኩል ወርዶ ነበርና እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል። ግን አንድ ቀን ዘርግተው አያውቁም። ዞረው መጥተው፣ በሩን አንኳኩተው፣ «ትንሽ ወይራ ልውሰድ?» ይሉ ነበር። እናቴ አይሆንም ብላቸው አታውቅም። እሺ እንደምትላቸው እያወቁ ሠላሳ ዓመት ጠየቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ማክበር ሳስብ ሌላ ምሳሌ አልፈለግሁም። እኒህ ሴት ዛፉን ቆርጠው ተጠቅመውበታል፤ አጭሰውታል፤ አንድም ስንኝ አልጻፉለትም። ግን አክብረውታል፤ ሊያስፈቅዱ ይመጡ ነበርና። እኔ ስንኝ አነበብሁለት፤ ሕጋዊ ባለቤቱም ነበርሁ፤ ማንንም ግን አልጠየቅሁም። እሳቸውን አልጠየቅሁም፤ ወንድሞቼንና እህቶቼን እስቲ አንድ ጊዜ እናስብበት አላልሁም፤ ቤቱን አንድ ሜትር ፈቀቅ አድርጎ መሥራት ይቻል እንደሆነ ግንበኛውን አልጠየቅሁም። ምናልባት ዛፉ መቆረጡ አይቀርም ነበር። በደሌ መቁረጡ ብቻ አይደለም፤ ሳልጠይቅ መቁረጤ ነው።

ከእንጦጦ የምትወርደውን ሴትም አሁን በሌላ ዓይን አያታለሁ። ደንን ማክበር እሷን ማባረር አይደለም። እሷም ከምንጠይቃቸው ሰዎች አንዷ ናት። ደኑ የእኔ ብቻ አይደለም ማለት የእሷም ነው ማለት ነውና፤ ማገዶዋን የሚተካላት ነገር ሳያዘጋጅ ዛፉን የሚያጥር ሰው ልክ እንደ እኔ ሳይጠይቅ የሠራ ሰው ነው።

ታዲያ ቅኔ ለምን ይጠቅማል? ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። ሆፕኪንስ የጻፈው ዛፎቹ ከወደቁ በኋላ ነው። የተጻፈለትን ዛፍ ያዳነ ግጥም እኔ አላውቅም። ይሁን እንጂ ለወደቀው ዛፍ የዘገየ ግጥም ገና ላልወደቀው ዛፍ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ታቦቱን የሚፈራ፣ አድባሩን የሚያስብ ሰው የሚያስፈቅደው ነበረው። ያንን የተወ የከተማ ሰው ማንን ያስፈቅድ? ግጥም ታቦት አይሆንም፤ አድባርም አይሆንም። ግን መጥረቢያው ተነሥቶ ከመውረዱ በፊት፣ ከአንተ ሌላ ይህን ዛፍ የሚፈልገው ማን ነው? ብሎ አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል። መልሱን እኛ ነን የምንፈልገው፤ አንዳንድ ጊዜም መልሱ ይቆረጥ ይሆናል። ግጥሙን ውበቱን ለማድነቅ ብቻ ያነበበ እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ጥያቄውን ሳይሰማ ያልፋል።

ሰርቪስ ቤቶቹ ተሠርተዋል፤ ኪራዩንም እንቀበላለን። ጎረቤታችን ወይራቸውን ከሾላ ገበያ ገዝተው ያመጣሉ። ከተከራዮቹ አንዷ እዚያው ቤት ውስጥ ወንድ ልጅ ወልዳ አሁን አራት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ጥግ ይጫወታል። እዚያ ወይራ እንደነበረ አያውቅም።